ሰሚራ የቀመሰችው ዛጎል

ሰሚራ ሞተች ሲሉኝ "ሌላ ሰሚራ ትሆናለች" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ረፋድ ላይ አውርቻታለሁ እኮ! ሆስፒታል ሄጄ ፊቷን አይቼም አላመንኩም።

ለማታውቋት፣ ሰሚራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እዚህ ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሼፍ ነበረች። እኔ ጋምቤላ በስደት ያደግኩ የጁባ ልጅ ነኝ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ውሃና ምግብ እመረምራለሁ።

መጀመሪያ ቀን ናሙና ልወስድ ስሄድ ማማሰያ ይዛ ኩሽናዋ በር ላይ አቆመችኝ። "ዶክተርም ብትሆን እጅህን ታጠብ!"

በአማርኛ "እሺ እትዬ" ስላት ደንግጣ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ከዛ ወዲህ ወንድሟ ሆንኩ።

"እኔ ያልቀመስኩት ለሰው አይቀርብም" ትል ነበር ሁሌ።

ባለፈው ሳምንት የሆቴሉ ባለቤት በበረዶ የመጣ የባሕር ዛጎል አስገባ፣ ፈረንጆች ሥጋውን እየመዘዙ የሚበሉትን። የምርመራ ወረቀት የለውም። "የባሕር መርዝ ሊኖረው ይችላል" አልኩት። "አይሸትም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም። እዚህ መመርመሪያው የለንም። ናይሮቢ ልኬ ውጤት እስኪመጣ እንዳይነካ።"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለኝ እየሳቀ።

ዛሬ ሰሚራ ደወለች።

"ውጤቱ ንጹህ ነው ብለሃል አይደል?"

"ማን? ናሙናው ገና ነገ ነው የሚሄደው!"

"አለቃዬ ውጤቱ መጣ ብሎኝ... ቀምሻለሁ። ከንፈሬ ደንዝዟል።"

"ሆስፒታል ሂጂ! አሁኑኑ!"

"ቆይ፣ ድስቱን ላውርድ። ለምሳ ሰው ተቀምጧል።"

ድስቱን አውርዳ፣ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቃ ወጣች። ሆስፒታል ስትደርስ መናገር አቅቷት ነበር። ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን አልተገኘም።

የሆቴሉ ባለቤት አሁን "የልብ በሽታ ነበረባት" እያለ ያስወራል።

"ለእግዚአብሔር ስጠው፣ ይቅር በለው" የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ኮመንት አትጻፉልኝ። ይቅር አልልም። ጁባ ውስጥ ጥይት እንደልብ ነው፤ ለእሱ ግን ጥይት ያንሰዋል። ድስት ውስጥ የቀረውን ሁለት ምስክር ባለበት አሽጌዋለሁ። ከመጀመሪያው ናሙና ጋር ነገ በአውሮፕላን ይሄዳል። መርዙ ሲገኝ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ እናቷ እየሰማች ውጤቱ ይነበብለታል። የሆቴሉ በር ላይም እለጥፈዋለሁ። ቢቀደው ደግሜ እለጥፋለሁ። ከዚህ ሸሽቶ ሌላ አገር ሆቴል ቢከፍት፣ እዚያም ሄጄ እለጥፋለሁ።

ሰሚራዬ፣ ምሳ ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። ማን እንዳተረፋቸው አያውቁም። እኔ እነግራቸዋለሁ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ። ደህና ሁኚ እህቴ። አንቺ ዕረፊ፤ እኔ አላርፍም።