ዋስ የሆኑኝ ሰው

የሕክምና ትምህርቴን ማን እንደከፈለልኝ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። «ወታደር ቤት» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ልብሴን፣ ምግቤን፣ መጽሐፌን፣ የኪስ ገንዘቤን ሳይቀር የቻለኝ ወታደር ቤት ነው። ዋናውን ዕዳ የተሸከሙልኝ ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከእኛ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑ፣ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አፍሬ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ሕክምና ለመግባት ግን ትንሽ ጎደለው። በግል ኮሌጅ መማር ይቻል ነበር። እናቴ ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ለመንገደኛ ዓሣ እየጠበሰች ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። የአንድ ዓመቱን ክፍያ ስነግራት «ሐይቁን ከነዓሣው ብሸጠውስ ይሞላል?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በዚያን ጊዜ ሐኪም ካልሆንኩ የምሞት ነበር የሚመስለኝ። ወዲያው ወታደር ቤት ለራሱ ሐኪም የሚያሠለጥንበት ኮሌጅ ማስታወቂያ አወጣ። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ክፍያው ከምረቃ በኋላ ለዓመታት ማገልገል ነው። ዕድሜ ነበረኝ፤ ዕድሜዬን ልከፍል ቆረጥኩ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ከአምባሰል ገጠር ወታደር ሄዶ በዚያው ቀርቷል። አስከሬን አልመጣ፣ መርዶ አልመጣ፣ አልቅሳም አልወጣላት። እኛ ቤት ወታደር የሚል ቃል ከተነሳ የያዘችውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ስለዚህ ዋሸኋት። «መንግሥት ሕክምና መደበኝ» አልኳት። እልል አለች። ልጄን በሰላም ካስመረቅሽልኝ ጥላ አስገባለሁ ብላም ለግሸን ማርያም ተሳለች።

ኮሌጁ ደመወዝ ያለው ዋስ ጠየቀኝ። ትምህርቱን ወይም አገልግሎቱን ባቋርጥ ወጪውን የሚከፍል ሰው ማለት ነው። የማውቀው ደመወዝተኛ መምህሩን ብቻ ነበር። ፎርሙን ሁለቴ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናትህ ታውቃለች?»

«ታውቃለች ጋሼ። መርቃኛለች።»

«እሷን ሳታስፈቅድ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ጎረቤቴ ናት። ወላሂ በል።»

«ወላሂ!» አልኩ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። በእሳቸው መሐላ መማሌ ኃጢአቱን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር። እዚህ አገር መሐላውንም ዱዓውንም ተዋውሰን ነው የምንኖረው፤ እኔ ግን የተዋስኩትን አበላሸሁት። «አብሽር፣ አላህ ያግዝህ» ብለው ፈረሙ። ወታደር የሚለው ቃል እንደሚያማት ስለሚያውቁም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እሷ ፊት አንስተውት አያውቁም።

ስማር በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ለዕረፍት ስመጣ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ጓዳ ገብቼ የደንብ ልብሴን እቀይር ነበር። ባለሻይ ቤቷ፣ ሚስት ደብቄ የምሄድ መስሏት፣ «ያቺኛዋ ደኅና ናት?» እያለች ትቀልድብኛለች። በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶ የቆየው ስልክ ሲመለስ እናቴ መጀመሪያ ያለችኝ «የሰው ልጅ እንደ ቅጠል ሲረግፍ አንተን ለሐኪምነት ያተረፈችልኝ የግሸኗ ትመስገን» ነበር። «ትመስገን» አልኳት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ተመረቅሁ፤ ማዕረግም ለበስኩ። በምረቃው ዕለት ፈተና አለብኝ፣ ቀኑ ተቀየረ፣ ምናምን ብዬ እንዳትመጣ አደረግኋት። እሷ ግሸን ወጥታ ስለቷን አስገባች፤ ስትመለስ ድግስ ደገሰች። ሁለት በግ ታረደ። አንዱን ክርስቲያን ጎረቤት አረደ። ሌላውን ለሙስሊሞቹ እንግዶች መምህሩ ቢስሚላህ ብለው ባረኩት፤ በራሱ ድስት ለብቻው ተሠራ። እኛ ቤት ድግስ በተደገሰ ቁጥር እሳቸው ሳያርዱ የቀሩበት ጊዜ የለም።

ተበልቶ ሲያበቃ የሚመርቁት እሳቸው እንዲሆኑ የጠየቀቻቸው ራሷ እናቴ ናት። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ።

«አላህ ዕድሜህን ያርዝመው።»

«አሚን!»

«እጅህን የፈውስ እጅ ያድርገው።»

«አሚን!»

«የቆሰለ የምታድን እንጂ የምትቆስል አያድርግህ። ከጥይት ይሰውርህ።»

«አሚን!» አለ ሰው። እናቴም አሚን ብላ መዳፏን እንደዘረጋች ቀረች።

«የምን ጥይት?»

መምህሩ የቀለደች መሰላቸው። «ኧረ በነቢ! የወታደር ሐኪም አይደል እንዴ? እኔው ዋስ ሆኜው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተመቸ ጊዜ አልነበረም፤ እንግዳው ሞልቷል፣ በጉ ተበልቷል፣ ብትቆጣም በሰው ፊት ነው። እኔ ግን አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ጋሼ ናቸው ይሄ ይሻልሃል ያሉኝ። ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ ብለውኝ ነበር።»

መምህሩ አዩኝ። «ወላሂ ብሎ ምሎልኛል» እስኪሉ ጠበቅኩ። የተዘረጉ እጆቻቸውን ቀስ ብለው ፊታቸው ላይ አሳለፉ፤ ምርቃቱን የጨረሱ ያህል።

«አፉ በይኝ እህቴ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው።» ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

እኔን በሳምንቱ ይቅር አለችኝ። «ልጅ ነው፣ አሳስተውት ነው» እያለች ለሰው ታስረዳልኝ ነበር። ከሁለቱ ቤቶች መሐል ያለችውን የአጥር ቀዳዳ ግን እሾህ አስገብታ ዘጋቻት። በዒድም በፋሲካም አንድ ሰሐን በዚያ በኩል አላለፈም። መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ታልፋለች።

በዓመቱ ለፈቃድ መጥቼ ሐይቁ ዳር አገኘኋቸው። የማታ የእግር ጉዟቸውን ሲሄዱ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው ለቅሶ መጣብኝ። «ዛሬውኑ እነግራታለሁ» አልኳቸው።

«ተው» አሉ። «እኔን ብትቀየም የተቀየመችው ጎረቤት ነው። አንተን ከተቀየመች ማን አላት?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ፤ ወደ ቤት ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። ልጃቸው እንደማይተርፍ ለወላጆች ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ የምናገር ሐኪም፣ የገዛ እናቴ ጋ ስደርስ ለመዋሸት ፈቃድ በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ዘንድሮ መምህሩ ሞቱ። ድንገተኛ ነው፤ ለሱብሒ ሶላት ሊነሱ ሲሉ ልባቸው ቆመ። ያለሁበት ሩቅ ስለሆነ ፈቃድ አግኝቼ ሐይቅ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። የደንብ ልብሴን ሳልቀይር ከባጃጅ ወረድኩ። ሰፈሩ በሙሉ እነሱ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። እናቴ ብቻ መንገድ ዳር ዓሣ ትጠብሳለች። ለቅሶ የቀረ ሰው ቅሬ በምንለው የሰፈሩ እድር ይቀጣል፤ እናቴ አንድም ቀን ተቀጥታ አታውቅም።

«ቅሬው የፈለገውን ይቅጣኝ» አለች ገና ሳልጠይቃት። «ልጄን የሸጠ ሰው ለቅሶ አልቀመጥም።»

«አልሸጡኝም» አልኳት። «ታውቃለች ብዬ፣ ወላሂ ብዬ ነው ያስፈረምኳቸው። ያን ዕለትም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች።

«ያን ዕለት መዋሸትህን ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«አውቀው ነው ዝም ያሉት?»

«አዎ።»

እጇን በአመድ ፈትጋ ታጠበች፤ የዓሣው ሽታ እንዲለቃት። ቤት ስትገባ እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ በሩ ሄደች። እኔም ተከትዬ ልወጣ ተነሳሁ። በሩ ላይ ቆማ ከኮፍያዬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

«አንተ ቁጭ በል» አለች። «ምን ብዬ ይዤህ እገባለሁ? ልጄ ነው ልበል?»

ቁጭ አልኩ። እሷ ብቻዋን ሄደች።