ሶፊ የገባበት የፈረንጅ ፊልም

ለጀጎል ነዋሪዎች፣ ከግንቡ ውጭ ላላችሁ የከተማ ሰዎችና በየአገሩ ለተበተናችሁ ወዳጆቼ በሙሉ... ለአንድ ወር ድምፁ ጠፍቶ የቆየው የቤታችን ቴሌቪዥን ባለፈው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ መናገር መጀመሩን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሹመት መስሏችሁ የደነገጣችሁ ተረጋጉ።

የሠራው የልጄ የፈቲያ ልጅ ናስር ነው። ናስርን ለማታውቁት... በአሥር ዓመቱ የስፌት መኪናዬን በታትኖ መልሶ ሲገጥማት አንድ ብሎን ተረፈው። መኪናዋ ግን ከበፊቱ ይልቅ ፀጥ ብላ ትሰፋ ጀመር። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ያ ብሎን ምን ይሠራ እንደነበር እስከዛሬ አላወቅሁም።

ይህ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባው። ኢንጂነሪንግ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ መጣ... መጣ፣ በቃ። ለምን እንደመጣ ለእናቱም ለማንም አልተነፈሰም። ሦስት ወር ሙሉ በሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለችው መደብ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ተመልሶ ለመመዝገብ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ሰኞ ነበር።

ፈቲያ ቅዳሜ ጠዋት «አባ፣ እስቲ እርስዎ ያናግሩት። እኔ ስጠይቀው ወይ ይቆጣል ወይ ይወጣል» አለችኝ።

እኔ ምክር አልችልበትም። የምችለው ሰበብ መፈለግ ነው። ስለዚህ «ይህን ቴሌቪዥን ሥራልኝና አንድ ፊልም አሳየኝ» አልኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ፍላሹን ሰካና ከፈተልኝ... እንግሊዝኛ። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ሃሎ» አያልፍም።

«ተርጉምልኛ።»

«ይሄ ልጅ ድልድይ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል፣ አባባ። ግን ከሰው ጋር አይስማማም።»

«ከእናቱስ?»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ልጁ ከአለቃው ይጣላል፣ ከጓደኛው ይጣላል፣ አንዴማ ከወንበር ጋር ተጣላ። በመጨረሻ ድልድይ ጠባቂ የነበረ አንድ ሽማግሌ ቤት ገብቶ ቁጭ አለ። ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቀው። ልጁ ቀና ሳይል ሁለት ቃል መለሰና ተነሥቶ ወጣ።

ናስር ግን መተርጎሙን አላቆመም።

«እኛ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ አልነበረም ይላል... እዚያ ስደርስ ሁሉም ከየከተማው አንደኛ ሆኖ የመጣ ነው ይላል። አንድ ትምህርት ወደቅሁ። ከዚያ በፊት ወድቄ ስለማላውቅ እንዴት እንደሚወደቅ አላወቅሁበትም። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ኢንጂነሬ› ትላለች... ምን ብዬ ልንገራት ይላል።»

ቴሌቪዥኑን አየሁ። ልጁ ከሄደ ቆይቷል። ሽማግሌው ብቻውን ሾርባ እየጠጣ ነው።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና «የሽማግሌውን መልስ ደግሞ እኔ ልተርጉም» አልኩ።

«እርስዎ እንግሊዝኛ አይችሉ... ደግሞ ሰውዬው እኮ አልተናገረም፣ ሾርባ እየጠጣ ነው።»

«የሽማግሌ ዝምታ በየትም አገር አንድ ነው። ስማ። ልብስ ስፌት ስማር፣ ይላል፣ ለአንድ ሙሽራ ኮት ሰፋሁ። ከሚዜዎቹ ጋር መጥቶ ሲለካው ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ ተገኘ። ሚዜዎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ ይላል። እኔ ከኀፍረቴ በኤረር በር ወጥቼ ሶፊ ገጠር፣ አጎቴ እርሻ ገባሁ። ሁለተኛ መቀስ አልነካም ብዬ። በሦስተኛው ሳምንት አሠሪዬ በእግራቸው እዚያ ድረስ መጡ። አልተቆጡኝም። ‹ኮቱ ተሰቅሏል፣ ማንም አልነካውም። ና ራስህ ተርትረህ ራስህ ስፋው› አሉኝ ይላል።»

ናስር ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ... ፊልሙ ውስጥ ሶፊ አለ እንዴ?»

«ጥሩ ፊልም ከሆነ ይኖራል።»

ሳቀ። ወላሂ፣ ከሦስት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነው።

«ሙሽራውስ?»

«በተውሶ ኮት አገባ። ሚስቱ እስከዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ እጅጌዬን ነው የምታየው።»

ለካ ፈቲያ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ስንተኛው ትርጉም ላይ እንደደረሰች አላውቅም፤ ዓይኗ ግን ከመጀመሪያው እንደነበረች ይናገራል።

«አንድ ትምህርት?» አለችው።

«አንድ።»

«በአላህ... እኔ እኮ ሰው የገደልክ መስሎኝ ሦስት ወር እንቅልፍ አልተኛሁም።» ዘንቢሉን አስቀመጠችና «ተነሣ፣ ወደ ላይ ውጣ፤ በር ሥር ይበርዳል» አለችው። ተነሥቶ ከጎኔ፣ ከላይኛው መደብ ላይ ተቀመጠ። የፊልሙን መጨረሻ ሦስታችንም አላየነውም፤ ፈቲያ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ‹ኢንጂነሬ› ማለት ጀምራ ነበርና።

እሑድ በጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። ሰኞ ከቀትር በኋላ ደወለ። ተመዝግቧል፣ አልሐምዱሊላህ። የወደቀውንም ትምህርት ከሌሎቹ ጋር ይዞታል።

አሁን አንድ የፈጠርኩት ነገር እንዳለ ልመን። ብሎኑ እውነት ነው። ሁለቱ የግራ እጅጌም፣ አላህ ላሳፍርህ ቢለኝ፣ እውነት ነው። አሠሪዬ ሶፊ ድረስ መጡ ያልኩት ግን ውሸት ነው። ማንም አልመጣም። የአጎቴ ሚስት በየቀኑ ማሽላ ስታስወቃኝ ጊዜ፣ መቀስ ይሻላል ብዬ በራሴ እግር ተመለስኩ። ኮቱ ግን በእርግጥም ማንም ሳይነካው ተሰቅሎ ጠበቀኝ።

ናስር ፌስቡክ የሽማግሌ ነው ብሎ ስለማይገባ አያነበውም... እናንተም እስኪመረቅ ድረስ አፋችሁን ያዙልኝ።