አባቴ የተቀበረ ዕለት

ልጅ ሆኜ ሆሳዕና ውስጥ የማውቀው ፒያኖ አንድ ብቻ ነበር። ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ በሚገኝ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው፤ ሚስዮናውያን ትተውት የሄዱት ነው ይባላል። እኛ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነን። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የሂሳብ መምህር ነበር፤ ጾም የማይገድፍ፣ የእሑድ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድምፁን ሰምቼ በመስኮት አየሁ። የሚጫወቱት በነርስነት የሚሠሩ የሀዲያ ሴት ነበሩ። ሦስት ቀን መስኮቱ ሥር ቆሜ አዩኝ፤ በአራተኛው ቀን «ግቢ» አሉኝ። እትዬ እላቸው ጀመር። ወር ሳይሞላ አባቴ ሰማና ሁለተኛ እንዳልሄድ ከለከለኝ።

እትዬ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸው ቤታችን መጡ። አባቴ ወንበር ሰጣቸው፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«መምህር፣ ልጅዎ ለፒያኖ የሚሆን እጅ አላት» አሉት፣ ሀዲይኛ በሚጫነው አማርኛቸው። «ሃይማኖቷን አልነካም።»

«መዝሙራችሁንስ?»

«መዝሙር አላስተምራትም። የማስተምረው ጣቷን ነው።»

አባቴ ዞሮ ጣቶቼን አየ። በመጨረሻ «እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ፤ ይዣት እመለሳለሁ» አለ።

ቃሉን ጠበቀ። እኔ ውስጥ ስማር እሱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል፤ ሲዘንብ ጃንጥላውን ይዘረጋል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ደፉን አልረገጠም። ወደ ቤት ስንሄድ ምን ተማርሽ ብሎ አይጠይቀኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የአስፋልቱን መንገድ ስንሻገር፣ «ዛሬ ያቺ ቦታ ላይ ሦስቴ ተሳሳትሽ» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ቀጥሎ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ጀርመን ሄድኩ። ሥራዬ ከሩቅ ሲያዩት ጭብጨባና ረጅም ቀሚስ ነው። ከቅርብ ሲያዩት በር ዘግቶ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት አንዱን ገጽ መደጋገም ነው። ባቡር፣ ሆቴል፣ የማላውቀው ፒያኖ፣ ከዚያ እንደገና ባቡር። ወንድሜ ቪዲዮዎቼን በስልኩ ሲያሳየው አባቴ ስለ ሙዚቃው ምንም አይልም ነበር። «ከስታለች» ይላል አሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር እንድጫወት የተጠራሁት አምና ነው። ኮንሰርቱ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ወንድሜ ደውሎ «አባዬን ትንሽ ብርድ መትቶታል፤ አታስቢ» አለኝ። አርብ ስደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ ተጫወትኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ያገሬ ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ በዓል ካልሆነ የማላገኛቸው ሽማግሌ ናቸው። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው። አባቴ አርብ ጠዋት ሞቶ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀብሯል። እሱ ላይ አፈር ሲመለስ እኔ አዳራሹ ውስጥ ጣቶቼን እያሟሟቅኩ ነበር።

ሆሳዕና ስደርስ የለቅሶው ድንኳን ገና አልተነሳም ነበር። አልቅሼ ሲወጣልኝ እናቴን ጓዳ ወስጄ ጠየቅኳት።

«ማነው አትንገሯት ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት አስቻለሽ፣ እማዬ?»

«ብነግርሽ ለቀብሩ ትደርሺ ነበር?»

«አልደርስም።»

«መጫወቱንስ ትጫወቺ ነበር?»

ፊቴን አዞርኩባት። «እንግዲህ» አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰች። ሁለት ቀን አላናገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ በምርኩዝ መጡ። አርጅተዋል፤ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል። አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«ጀርመን ከሄድሽ በኋላ አባትሽ አንድ ቀን ቤቴ መጣ» አሉኝ። «ከደጅ ነው የጠየቀኝ። ‹ይህን ሥራ የያዘ ሰው ብቻውን ነው የሚኖረው?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«መዋሸት አልቻልኩም። ‹አዎ መምህር፣ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው› አልኩት። ‹ይህንን ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ› ብሎ ሄደ።»

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ሙዚቃው ያልጠየቀኝ ሌላ ጭንቀት ይዞት ነበር። አንድም ቀን ደውዬ ደህና ነኝ፣ ወዳጆች አሉኝ ብዬ አልነገርኩትም። ስለ ኮንሰርት ብቻ ነበር የማወራው።

እስከ አርባው ቆየሁ። ከእናቴ ጋር የታረቅነው በሽምግልና አይደለም፤ ማታ ማታ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ቀስ በቀስ ቀለለኝ እንጂ። የምሄድ ዕለት ሻንጣዬን እየዘጋሁ «ከእንግዲህ ምንም ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ፤ መጫወት አለመጫወቱን እኔ እወስናለሁ» አልኳት።

«እሺ» አለች።

እንደማትነግረኝ ሁለታችንም እናውቃለን።