እናቴ ቅቤ ያልበላችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት በገባች ማግስት፣ የሀለኮ ቅጠል በጨው ብቻ ስቀቅልላት እንፋሎቱ ፊቴ ላይ መጣና፣ ያ ሣር ሣር የሚል፣ መረር ያለ፣ ቅቤ ያልነካው ሽታ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም ወደማይርቀው የልጅነት ቤቴ መለሰኝ። ሀለኮ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ዛፍ ነው፤ በአርባ ምንጭ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ነበሩን። ያለ ቅቤ ሲቀቀል እንዴት እንደሚሸት ያወቅሁት በአንድ ክረምት ምክንያት ነው፤ በዚያ ክረምት ደግሞ እስከ ዛሬ የማልኮራበትን ነገር አድርጌአለሁ። ልጆቼን ስለ እውነት ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የራሴን መደበቅ አይገባኝም።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ዘለቀ በመንግሥት እርሻው ሙዝ በጋሪ ያመላልስ ነበር፣ እናቴ አስካለ ደግሞ እኔንና ታናሽ እህቴን እያሳደገች፣ ከጓሮዋ ጎመንና ጎደሬ እየሸጠች፣ ለመስቀል የሚሆን ቅቤ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ታጠራቅም ነበር። በመስቀል የተጣላ ይታረቃል፣ የራቀ ይመጣል፣ የተጠራቀመው ቅቤም በዚያ ሳምንት ያልቃል። በአንዱ መስቀል ሥጋውና ቅቤው ከተበላ በኋላ እናቴን ከቀኝ ጎድኗ ሥር ይዟት መሬት ላይ ተጠቀለለች። የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ባሎቴ ለበዓሉ ከገረሴ መጥታ ነበርና፣ ወዲያው ቅቤ አቅልጣ አንድ ኩባያ ሙሉ አጠጣቻት። «አንጀትሽ ደርቆ ነው፣ ያለስልስልሽ» አለቻት። በቤታችን የምንነጋገረው በጋሞኛ ነበር፤ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ከየሠርጉ ስንመለስ ይይዛታል፣ የቀለጠ ቅቤ ትጠጣለች፣ ቅቤው ያብስባታል፣ ስለባሰባት ደግሞ ይጨመርላታል። ማናችንም ሁለቱን ነገር አላገናኘንም። ሞኝነት አልለውም፤ ከሁሉ የምንወደውን ነበር የምንሰጣት። በልግ ገብቶ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ሲወጣ እናቴ መኮትኮት አቅቷት፣ ከስታ፣ ቀሚሷም ሰፍቷት ነበርና አባቴ በሙዝ ጋሪው ላይ ድርቆሽ አንጥፎ ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ በሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር እንዳለ፣ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ነገረን። ቀጠሮዋ ለነሐሴ መጀመሪያ ሆነ።

እናቴ ከሆስፒታል የወጣች ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሐኪሙ ለአባቴ «ሐሞቱ ዛሬም ከጉበት ይመጣል፣ ማጠራቀሚያው ግን የለም፤ ስለዚህ ቅባት ቢበዛባት ሆዷ አይችለውም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው» ብሎ አስረዳውና በእጁ የጻፈውን ወረቀት ሊሰጠው ሲል አባቴ እጁን ሰበሰበ። አባቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ነበር፤ ፊደሉን ቃል አድርጎ መግጠም ላይ ሲደርስ ግን በጋሪው ሥራ አሳቦ ተወው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረና «እንግዲህ ቤት ስትገቡ ሐኪሟ አንተ ነህ» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ኋላ ያደረግሁትን አላስቀረም። ማንበብ የቻለ ልጅ ሁሉ ታማኝ ነው ማለት እንዳልሆነ ከራሴ ተምሬአለሁ።

ወረቀቱ በአማርኛ ነበር፤ እኔ እያነበብኩ በጋሞኛ እነግራቸው ነበር። ቅቤ፣ ጮማና የተጠበሰ ነገር ለስድስት ሳምንት አትብላ፣ ከዚያ በኋላ በጥቂቱ ትጀምር ይላል። አንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የገብስ ሙቅና ከቀበሌው ሱቅ በወረፋ በምናገኘው ስኳር የጣፈጠ ቀጭን ሻይ ትጠጣ ነበር። ከዚያ የበሰለ ሙዝ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች፣ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሣ በጨው ብቻ ተቀቅሎ ይቀርብላት ጀመር። ሀለኮው ሆዷን እንዳይነፋት በማንኪያ ተለክቶ ነበር የሚሰጣት፤ ዳጣ የምንለውን የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህማ ከዓይኗ አራቅነው። አንድ ቀን ዓሣውን አላምጣ አላምጣ «ይሄ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ሳለ ከዚህ የበለጠ ጨው ያገኝ ነበር» ብላ ስትስቅ፣ ስፌቷን በእጇ ደግፋ ነበር የምትስቀው።

በሦስተኛው ሳምንት አክስቴ ባሎቴ ከገረሴ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጣች፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ ይዛ ነበር። እናቴን ስታይ ቅቤውን ሳታስቀምጥ በአባቴ ላይ ጮኸች።

«ዘለቀ! ሚስትህን በውኃ ልታኖራት ነው እንዴ? የአገሬው ሰው ምን ይለናል?»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ነው የከለከለው፤ ወረቀት ሰጥቶናል።»

«ወረቀቱ እናት የለውም? የታመመ ሰው ቅቤ እንደሚሰጠው ያልነገረችው!»

አባቴ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራው ሄደ። እሱ እንደወጣ አክስቴ ጠራችኝ።

«አንተ ተማሪ፣ ና እስቲ። ወረቀቱ ስለ ቅቤ የሚለውን አንብብልኝ፤ እኔ ልቤ አላመነውም።»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ቅቤው ከፊቴ ነበር፤ የኮባው ቅጠል ተከፍቶ ይሸታል። በእኛ ቤት የታመመ ሰው የተወው ትራፊ የልጆች ነው፤ እኔም ቅቤ ከቀመስኩ ቆይቼ ነበር። ለአክስቴ ድካም አዝኜ ነው ብዬ ብዙ ዓመት ራሴን አታልያለሁ፣ እውነቱ ግን ሆዴ ነው። «ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በጥቂቱ ትጀምር ይላል» አልኩ።

እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ስድስት ያልከኝ መስሎኝ ነበር።»

«ስድስቱ ለጮማው ነው» አልኳት። አንዱ ውሸት ሌላውን ወዲያው ወለደ።

እናቴ አመነችኝ። አክስቴ የቡላ ገንፎ አገንፍታ፣ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤ ሞላችበት። እናቴ አምስት ስድስት ጉርሻ በልታ «ነፍሴ ተመለሰች» አለች፤ የቀረውን እኔና እህቴ ተናጠቅነው፣ ሳህኑን የላስኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ሆዷን ይዛ ማቃሰት፣ ማስመለስ ጀመረች፤ በእያንዳንዱ ትውከት ስፌቷ የሚፈታ መሰለኝ። አክስቴ ደግሞ ተጨንቃ ወደ ጓዳ ሮጠችና የምታውቀውን መድኃኒት፣ የቀለጠ ቅቤ በኩባያ ሙሉ ይዛ መጣች። አንገቷን ደግፋ ኩባያውን ወደ አፏ ስታስጠጋ አየሁ፤ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«አታጠጫት!» ብዬ ጮህኩ። «ስድስት ነው የሚለው! ለቅቤውም ስድስት ነው፣ ዋሽቼ ነው!»

አክስቴ ኩባያውን እንደያዘች ቆመች። እናቴ ላብ ካጠመቀው ፊቷ ላይ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ለመሆኑ አንተስ ቀመስከው?» አለችኝ። አዎ ስላት ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ያን ጥያቄ ያህል የከበደኝ ግርፋት የለም።

አባቴ ደርሶ በጋሪው ይዘናት ሄድን። የሆስፒታሉ ድሬሰር ስፌቱ እንዳልተነካ፣ ቅባቱ በዝቶባት እንደሆነ ነግሮን ውኃና ሙቅ በጥቂት በጥቂቱ እንድንሰጣት አዘዘ፤ በሁለተኛው ቀን ቀና ብላ ተቀመጠች። አባቴ አልመታኝም። ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ በአራተኛው ቀን እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበለኝና «ከእንግዲህ በሰው ዓይን አላይም» አለ። በዚያው ሳምንት ከሥራ መልስ ወደ ቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ተመለሰ። መለማመጃው ያ ወረቀት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ በወፍራም ጣቱ ፊደሉን እየተከተለ ይለቅም ነበር። እናቴ «እስክትጨርሰው ስድስቱ ሳምንት ያልቃል» እያለች ትቀልድበት ነበር። አክስቴም የተረፈውን ቅቤ በቅርብ ለወለደች ጎረቤት ሰጥታ፣ ያለ ቅቤ ሀለኮ መቀቀል ጀመረች። «በእጄ ያፈርኩበት ወጥ ይህ ብቻ ነው» ትላለች፤ እናቴ ግን ትበላው ነበር፣ ጉንጯም ቀስ በቀስ ሞላ።

ዝናቡ አባርቶ መስቀል ሲደርስ ሰባተኛው ሳምንት ነበር። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ አክስቴ አዲስ ቅቤ ይዛ ከእናቴ ሳህን በላይ ቆማ አባቴን ታየዋለች። አባቴ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ ከመታጠፉ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል። «ከ…ዚያ… በኋ…ላ… በጥ…ቂ…ቱ… ትጀ…ምር» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንዲህ ነው የሚለው?» ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወረቀቱ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

«አዎ አባባ፣ እንዲህ ነው የሚለው።»

አክስቴ በጣቷ ጫፍ ቅቤ ቆንጥራ ሀለኮው ላይ ጣል አደረገች። እናቴ ጎረሰች። ሁላችንም አፍ አፏን እናይ ጀመር። «ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ብሉ እንጂ!» ያን ቀን ምንም አልሆነችም፤ ከዚያም በኋላ ሐሞት ሳይሆን እርጅና እስኪወስዳት ኖረች።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ የቀረውን አሮጌ መጻሕፍት እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ፣ ልጆቼም አባታችን ኃይለኛ ነው ይላሉ። እንደ አያቷ ሐሞቷን የታመመችው ልጄ ግን በትንንሽ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በማግስቱ ወጣች፤ የአያቷን የመሰለ ረጅም ጠባሳ የላትም። የምትበላው ነገር በታይፕ ተጽፎ ተሰጥቷታል፤ ቅቤም ዛሬ መስቀልን አይጠብቅም፣ ከሱቅ ይገዛል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሀለኮውን አቅርቤ ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

«አባዬ፣ እኔው አንብቤዋለሁ እኮ፤ ስልኬም ላይ አለ» ትለኛለች።

«አውቃለሁ» እላታለሁ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ።