ከመንኮራኩሩ ጎን የሚንሳፈፉት ነገሮች

ትናንት ከሰዓት ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ... ከመንኮራኩር ላይ የተቀረጸ ነው። ካሜራው ፊት ትንንሽ ነጫጭ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ሰዉ ከሥር «ምንድን ናቸው?» እያለ ይጨቃጨቃል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን እጄን ሰበሰብኩ። ይሄ ጥያቄ አንዴ ጉድ ሠርቶኛል!

ዘመኑ ደርግ ነው። መቱ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሶሻሊስት ወዳጅ አገር የመጣ የጠፈር ፊልም በአዳራሽ ታየ። እነዚያው ነጫጭ ነገሮች በመንኮራኩሩ መስኮት እየተገለባበጡ ሲያልፉ ሰዉ አጉረመረመ።

አንድ ካድሬ ፊልሙን አስቁሞ ወደ እኔ ጠቆመ። «ጓድ መምህር፣ ምን እንደሆኑ ለሰፊው ሕዝብ አስረዳ!»

እኔ ደግሞ ዕውቀቴን ላሳይ ብድግ አልኩ። «ከራሱ ከመንኮራኩሩ የሚረግፍ በረዶና የቀለም ቅርፊት ነው።»

«የሶሻሊስት መንኮራኩር ይላጣል ነው የምትለን?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አጠገቤ የነበሩት ጋሼ ነጋሳ፣ የቡና መፈልፈያው ሠራተኛ፣ ተነሱ። «ኤዬ፣ ይረግፋል ጓድ! የእኛም መፈልፈያ ገለባ የሚያቦነው ሲሠራ ነው። ቆሞ ሲውልማ ምን ይወጣዋል?»

ሰዉ ሳቀ። ካድሬው ግን አልሳቀም። ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገና «መምህር፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እፈልግሃለሁ» አለኝ።

እሑድን በጎሬ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። ብቀመጥ አልችል፣ ብቆም አልችል፣ እህል አልወርድ አለኝ። በዚያ ጊዜ ቢሮ ተጠርቶ በዚያው የቀረ ሰው አውቃለሁ። በጣም ፈርቼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሹራብ ደረብኩ፤ እስር ቤት ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። የቤቴን ቁልፍ ለጋሼ ነጋሳ ሰጠሁ። ቁልፉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ካድሬው በሩን ዘጋ። መስኮቱንም ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

«መምህር፣ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደዚያ እየረገፈባቸው... የመንኮራኩሩ ሰዎች በሰላም ቤታቸው ገቡ?»

ሹራቤ ውስጥ ላብ አጥምቆኛል። «ገብተዋል ጓድ፣ በሰላም ገብተዋል» አልኩት።

እሱ እፎይ አለ። እኔም እየሮጥኩ ቤቴ ደረስኩ... ቁልፉ ጋሼ ነጋሳ ኪስ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ በሩ ላይ ቆሜ ነው።