እናኑ የወረወረችው ሩር

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ግንቦት በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ረፋድ በአራት ሰዓት፣ ላይ ጋይንት ውስጥ በነበረ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ፣ ደብሬ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ከቀኝ ዓይኗ በላይ በእንጨት ኳስ ተመታች። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሞተች። የወረወረችው የክፍል ጓደኛዋ እናኑ ነበረች። ውርወራውን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ወር በቴሌቪዥን የባዕድ አገር ልጃገረዶች ሲጫወቱ አይቼ ነው። ክንዳቸውን ከጎናቸው ሙሉ ክብ አዙረው ኳሷን ከጭናቸው አጠገብ ይለቋታል። ጨዋታው ሶፍትቦል ይባላል። የልጅ ልጄ "አባባ፣ ምነው ዝም አሉ?" አለችኝ። ቴሌቪዥኑን አጥፊው አልኋት።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አማርኛና ስፖርት አስተምር ነበር። ጨዋታውን ያመጣችው አንዲት አሜሪካዊት አስተማሪ ናት። ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር አንድ ኳስ፣ ሁለት የቆዳ ጓንትና መጫወት የሚወዱ ስድስት ልጃገረዶች ትታልኝ ሄደች።

እናኑ ከታች ጋይንት ቆላ የመጣች ልጅ ነበረች። በማሽላ ወቅት ማማ ላይ ቆማ በወንጭፍ ወፍ ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ክንዷ ብርቱ ነው፤ ችግሩ እንደ ወንጭፍ ከራሷ በላይ ማዞሯ ነው። መሬቱ ላይ በአመድ መስመር አሰመርሁላት። ጎንሽን ስጪ፤ በኋላ እግርሽ መሬቱን ግፊ፤ ክንድሽ ሳይታጠፍ ይዙር፤ ጭንሽን ታክኮ ሲያልፍ የእጅሽን አንጓ ሰበር አድርገሽ ልቀቂው። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ይህንኑ ስንደጋግም ከረምን። ልጆቹ በመቀነታቸው ቋጥረው የሚያመጡትን የገብስ ቆሎ በየመሐሉ ይቆረጥማሉ።

ተቀባይዋ ደብሬ ነበረች፤ ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቿ ጋር የምትኖር የደጋ ልጅ። ምላሷ አያርፍም።

"አንቺ ቆለኛ! እኔ እኮ ማሽላሽን የበላሁ ወፍ አይደለሁም!"

"ወፍስ እሽ ስትባል ትሸሻለች፤ ተገትረሽ የቀረሽ አንቺ ነሽ!" ትላታለች እናኑ።

በዚያ በግንቦቱ ሳምንት የኳሱ ስፌት ተተረተረ። ከደብረ ታቦር ተቆጣጣሪ ሊመጣ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ጨዋታውን ላሳየው ቃል ገብቻለሁ። አንድ ተማሪ ወንዶች ገና የሚጫወቱበትን ሩር ከቤቱ አመጣ። ከወይራ ሥር የተጠረበ፣ ጭብጥ የሚሞላ ኳስ ነው።

እናኑ በመዳፏ መዘነችው። "ጋሼ፣ ይሄ የወንዶች ነው። ደግሞስ ገና አልፏል።"

"ኳስ ኳስ ነው። ወርውሪ" አልኋት።

ደብሬ ጓንቷን እያጠለቀች "እሰይ! ዛሬ ደግሞ ግንድ ልትወረውሪብኝ ነው" ብላ ሳቀች።

ውርወራው ልክ ነበር። እግሯም፣ ክንዷም፣ አንጓዋም፤ የማርመው አልነበረኝም። ሩሩ ግን ከለመድነው ኳስ ያንሳል፣ ይፈጥናልም። ደብሬ ጓንቷን ያነሣችው ከመታት በኋላ ነው።

ተቆጣጣሪው አልመጣም።

ከቀብሩ በኋላ የደብሬ ወንድሞች ደሟን እንደሚመልሱ ለእናኑ ቤተሰብ ላኩ። የእናኑ አባት ከቆላ ወጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጡ። በእነሱ ዘንድ በገና ዕለት በጨዋታ ለተመታ ሰው ደም አይጠየቅም።

"የገና ዕለት ቢሆን ዝም ባልን" አሉ ዋናው ሽማግሌ። "ይህ ግንቦት ነው። ሴት ልጅስ ከመቼ ወዲህ ነው ሩር የምትይዝ? ያዘዛት ሰው ካለ ግን ደሙ የእሱ ነው።"

የእናኑ አባት ብድግ ብለው "ልጄ ታዝዤ ነው ትላለች" አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የደብሬ ወንድሞች ምንሽር ጠመንጃቸውን ታቅፈው ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል።

"ውርወራ ማስተማር ሥራዬ ነው" አልሁ። "ሩሩን ከቤቱ ያመጣው ተማሪ ነው።"

ቃል በቃል እውነት ነበር። ኋላ ጋዜጠኛ ሆኜ ባለሥልጣን እንዲህ ሲመልስልኝ ምን እንደሚሸሽግ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅብኝም ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። በሽምግልና ፊት ልጅ አትናገርም። እናኑ ከአባቷ ኋላ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ አየችኝ።

ሽማግሌዎቹ እናኑ የደም ማድረቂያ ሆና ለደብሬ ታላቅ ወንድም እንድትዳር ፈረዱ። በሳምንቱ በበቅሎ ወሰዷት። አሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው አገር ሄድሁ። ከደብረ ታቦር በላይ መንገዱን ጉም ሸፍኖት ነበር። አርብ ገበያ ላይ ስለ እናኑ ሁለት ሰዎች ጠየቅሁ። አንዱ ልጆች ወልዳ፣ አርጅታ ሞተች አለኝ። ሌላው በመጀመሪያው ክረምት ጠፍታ አልተመለሰችም አለኝ። የትኛውንም ማረጋገጥ አልቻልሁም።

የዚያ ዓመት የተማሪዎች መዝገብ ግን ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ተገኘ። በእናኑ ስም ትይዩ "በራሷ ፈቃድ ትምህርቷን አቋረጠች" ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።