የዳግም አረቄ ምድጃ

እኔ አረቄ አውጥቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ቤቴ መርሳ ከተማ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚያፍርልኝ ሰው ካለ ከወዲሁ አፍሮ እንዲጨርስ ነው። ልጆቼን በአረቄ አሳድጌ ድሬያለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ አላፈርኩበትም።

ጎረቤቴ ሼህ ናቸው። በመካከላችን ያለው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። አረቄ በማወጣበት ቀን በእኔ በኩል ያለውን መስኮታቸውን ቀስ አድርገው ይዘጉታል እንጂ ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሐራ ከተማ የተዳረችው ልጃቸው የበኩር ልጇን አባቷ ቤት ልትወልድ እንደመጣች ጦርነቱ ደረሰ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ከተማችንም በታጣቂዎች እጅ ገባች። ልጅቱ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ ትኩሳት ያዛት፤ ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ዓይናችን እያየ በአራስነቷ አረፈች። ወንድ ልጅ ለአያቱ ትታ ሄደች።

እግዚኦ! አንድ ሽማግሌና አንድ ጨቅላ በባዶ ቤት። ሼሁ የምትታለብ ፍየል ስለነበረቻቸው ወተቱን ለልጁ በማንኪያ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመርን። ጥሬውን ነበር የሰጠነው። ተቅማጥ ያዘው። እርግብግቢቱ ጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ አጣ። ወተቱ ሳይፈላ ከጠጣ እንደማይተርፍልን ለሁለታችንም ገባን።

ማፍላት ደግሞ እንዲህ ቀላል አልነበረም። እንጨት ግራና ከሚባለው ገጠር በአህያ ተጭኖ ይመጣ የነበረው ቀርቷል፤ መብራት የለም፤ ከሰል ስሙም ተረስቷል። ወራቱ ክረምት ነው፤ የተገኘች ጭራሮ ብትኖር እርጥብ ናት፣ ትጨሳለች። ጭስ የታየበት ቤት ደግሞ የሚበላ አለ ተብሎ በሩ ይደበደባል። ሁለት ጊዜ የኔ በር ተደብድቦ ያፈላሁትን ወተት ከነድስቱ ወስደውብኛል። እሳት ያስፈልገኝ ነበር፣ ጭስ የሌለው እሳት።

የነበረኝ አንድ ጀሪካን ዳግም አረቄ ነው። ዳግም ማለት አንዴ የወጣው አረቄ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ሲወጣ ነው፤ ጉሮሮ የሚልጥ ኃይለኛ ነው። ጥሩ መሆኑን የምናውቀው ጣታችንን ነክረን ለእሳት በማሳየት ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ ከነደደ ወጥቶለታል። እና አንድ ቀን አጥሩ ስር ቆሜ «ይኼ ጣት ላይ የሚነድ ነገር ወተት አያፈላም እንዴ?» አልኩ፤ ለራሴ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያውን ምድጃ ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሠራሁ። አረቄውን ጨምሬ ለኮስኩት፤ ድስቱን ስጥድበት ታፍኖ ጠፋ። በሁለተኛው ጎኑን በሚስማር ብበሳው እሳቱ በየቀዳዳው ወጥቶ ድስቱን ትቶ አየሩን ያሞቃል። ተናደድኩ፤ ቆርቆሮውን ወርውሬ ግድግዳ አስመታሁት፣ መልሼ አነሳሁት። ከዚያ የቢራ ጣሳ በምላጭ ቆረጥኩ። ታችኛውን ቁራጭ ይዤ አረቄውን የሚጠጣ ጥጥ ጎዘጎዝኩበት፣ ሌላውን ቁራጭ ገልብጬ አጠለቅኩበትና ከንፈሩን ዙሪያውን በወስፌ ጫፍ በሳሁት። ድስቱ እንዳያፍነው ደግሞ ከወፍራም ሽቦ ሦስት እግር አጠፍኩለት። ቀዳዳው ሲሰፋ አረቄውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ሲጠብ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስንት ጣሳ አበላሸሁ መሰላችሁ! ከተማው በከባድ መሣሪያ እየተንቀጠቀጠ እኔ ቁጭ ብዬ ጣሳ እበሳለሁ። ያየኝ ሰው አበደች ቢል አልፈርድበትም።

አንድ ጠዋት ነፋሱን በጡብ ከልዬ ብሞክረው በአንድ ሲኒ ዳግም አንድ ብርጭቆ ወተት ተንፈቅፍቆ ፈላ። ጭስ የሚባል ነገር የለውም። አለቀስኩ። አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ አለው፣ በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም። ጠፍቷል ብዬ ልጨምርበት ስል ሽው ብሎ ቅንድቤን ላጨኝ። ከዚያ ወዲያ እጄን ከላይ አድርጌ ሙቀቱን ሳልፈትሽ አልነካውም።

ልጁ የፈላውን መጠጣት ከጀመረ ወዲህ ሆዱ ተያዘለት። በአጥሩ ቀዳዳ ጥሬውን ያቀብሉኛል፣ የፈላውን አቀብላቸዋለሁ። በምን እንደማፈላው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ታጣቂዎቹ አረቄ ቤቶቹን መበርበር ጀመሩ። ሁለት ቤት አለፍ ብላ የምትሸጠዋን ሴት አረቄ ጠጥተው ጨረሱባት፤ ደበቅሽ ብለውም ደበደቧት። ጀሪካኑን አቅፌ የት ልግባ? ጉድጓድ ልቆፍር ስል ሼሁ በአጥሩ በኩል «ልጄ፣ ወደኔ አምጪው» አሉኝ።

«አባባ፣ አረቄ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ስንት ዓመት ያሸተትኩትን ነገር ታስተዋውቂኛለሽ?» አሉ። «እኔ ቤት አረቄ የሚፈልግ የለም። ለምን እንደገባ አላህ ያውቃል። አብሽሪ፣ አምጪው።»

ልጃቸው ካረፈችበት መደብ ጀርባ አስቀመጥነው። ምድጃውንም ወደዚያው አዛወርኩ። እኔ ሳፈላ እሳቸው ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው በማንኪያ ያጠጡታል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም አላህን ያመሰግናሉ።

አንድ ቀን ወተቱን ጥጄ ሳለ በሩ ተበረገደ። ሁለት ታጣቂዎች ናቸው። ደጃፉን እንዳለፉ አንደኛው አፍንጫውን ነፋ አደረገ። «አረቄ ይሸታል!»

«ለሕፃኑ ወተት ማፍያ ነው» አልኩ።

ድስቱን አየ፣ ጣሳውን አየ። ፀሐይ በበሩ ገብታ ምድጃው ላይ ስላረፈች ነበልባል የሚባል አይታይም። «እሳቱ የታለ? ታሾፊያለሽ እንዴ?» አለኝና እግሩን አነሳ። ድስቱን ነጠቅ አደረግኩት፤ ምድጃውን መትቶ አንከባለለው፣ እሳቱ ድርግም አለ። ጓደኛው ከመደቡ ጀርባ ጀሪካኑን ጎትቶ አወጣው።

«የማን ነው?»

የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት ሼሁ ቀደሙኝ። «የኔ ነው።»

«የእርስዎ? በዚህ ኮፍያና በዚህ መቁጠሪያ?»

«የምጠጣው እኔ ነኝ።» ልጁን ለኔ አቀበሉኝና ተነሡ። ከዚያ እኚያ ኩሩ ሰውዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ለዕርቅም ለዳኝነትም የሚጠራቸው ሰው፣ እጃቸውን እንደ ለማኝ ዘርግተው «ልጆቼ፣ ሁሉንም አትውሰዱብኝ። ለምዶብኝ ነው፤ ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። ትንሽ ተዉልኝ» አሉ።

ሳቁ። በሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤትም ሰማ። አንደኛው ብርጭቆ ሞላና «በሉ ይጠጡ፣ እንይዎት። እውነት ከሆነ እናስቀርልዎታለን» አላቸው። እኔ ልንደድ! ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ። «አባባ፣ ይተዉት» አልኩ። ሼሁ እነሱን አላዩም፤ ያዩት እቅፌ ውስጥ ያለውን ልጅ ነው። ብርጭቆውን አንስተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ዳግም አረቄ፣ ጠብታ ቀምሶ ለማያውቅ ሽማግሌ! ሳላቸው ወገባቸውን አጎበጠው፣ ዓይናቸው ደም ለበሰ። ታጣቂው እንባው እስኪፈስ ሳቀና፣ ከጀሪካኑ ትንሽ በማሰሮ ገልብጦላቸው ሌላውን ይዘው ወጡ። ጎረቤቱም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ተበተነ።

ምድጃውን አነሳሁት። ጎኑ ተጨፍልቋል። በማንኪያ እጀታ አቃናሁት፣ ከማሰሮው ቀድቼ ለኮስኩት፣ መዳፌን ከላይ አድርጌ ሙቀቱን ጠበቅኩ። ነደደ። ወተቱ ፈላ።

«ይምጡ አባባ፣ ያጠጡት» አልኳቸው።

ሼሁ በር አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። በፎጣቸው አፋቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነዋል። «አልነካውም» አሉ። «አፌ ይሸታል። አንቺ አጠጪው።»

አጠጣሁት። አንጠፍጥፎ ጠጣና እጄ ላይ ተኛ።

«ጠጣ?» አሉ፣ ሳይዞሩ።

«ሁሉንም ጠጣ፣ አባባ።»

ትከሻቸው ረገብ አለ። «አልሐም…» ብለው ጀመሩና ቃሉን ከመሃል ቆረጡት። ፎጣውን ይበልጥ አፋቸው ላይ ተጫኑት። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ በዚህ አፌ ስሙን መጥራት አልችልም። አንቺ በይልኝ» አሉኝ።

እኔ የማርያም ልጅ፣ አረቄ ሻጯ፣ ሕፃኑን እንዳቀፍኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አልሐምዱሊላህ» አልኩላቸው።